የሐዲድ ቁራጭ

ከሮቃው ቅርንጫፍ ተንጠልጥላ
አንድ ክንድ ሐዲድ አለች፣ ዝገት የበላት፣
ባቡሩ ሲቀር ሙሴ በላቸው
በጋሪ አምጥቶ የሰቀላት።
አንዴ ከተመታች ሰው ሞቷል፤
ሁለቴ ከሆነ ጎርፍ መጥቷል፤
ሳታቋርጥ ከጮኸች ግን
ጫማ አይፈለግም፣ በር አይዘጋም፣
መልካ ጀብዱ እስኪነጋ አይተኛም።

ማክሰኞ ሌሊት ሳታቋርጥ ጮኸች።

የኢፍቱ ቤት ነው። ፋኖሱን ድመት ጣለው አሉ፣
የመብራት ሽቦ ነው አሉ፣ የልጆች ክብሪት ነው አሉ፤
ምክንያት ሁልጊዜ ከውሃ ቀድሞ ይደርሳል።
ኢፍቱ ደጅ ቆማ ልጆቿን ትቆጥራለች፤
አራቱም ቀሚሷን ይዘዋል፣
አራት ትላለች፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

እኛ ደመወዝ የለን፣ የብረት ቆብ የለን፣
አንዱ ጫት ጫኝ፣ አንዱ ፍየል ነጋዴ፣ እኔ ባጃጅ ነጂ፤
አንድ ቀን፣ ያውም ግማሽ፣ ሥልጠና ሰጥተውን
ከድሬ የመጣው ልጅ ሰሌዳ ላይ
ሦስት ማዕዘን ሣለልን፦ ሙቀት፣ አየር፣ ማገዶ።
«አንዱን ከነሣችሁት ይሞታል» አለን።
ውሃው ከየት እንደሚመጣ አልሣለም።

ቧንቧችን የሚያንጠባጥበው ሐሙስ ነው።
ስለዚህ ያን ሌሊት የፈሰሰው
የቧንቧ ውሃ አልነበረም፤
የሕፃን ገላ ነበር፣ የነገ ወጥ ነበር፣
ለሱብሂ በጆግ የተቀመጠ ውዱእ ነበር፣
በቢጫ ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ የሚሮጥ።
ሮብሌ እንኳ፣ ከኢፍቱ ባል ጋር
በአንድ ክንድ አጥር ተጣልቶ
ሦስት ረመዳን ሳይነጋገር የከረመው፣
የግመሎቹን በርሜል እያንከባለለ መጣ፤
ደፋው። ቃል አልተነፈሰም።
እሳቱ ጠጣ። አልጠገበም።

ሙሜ እርጥብ ጆንያ ተከናንቦ ገባ፣
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣
የጋዝ ሲሊንደሩን እንደ እምቢተኛ ጥጃ እየጎተተ ወጣ፤
ቅንድቡ የለም።
እኛ ወደ ደረቁ ወንዝ ዞርን፤
ክረምት ሰው የሚወስደው ወንዝ
በጋ አሸዋ ያበድራል፤
በሳፋ፣ በባሬላ፣ በሽርጥ ዛቅን።

ያኔ ነፋሱ ዞረ።
ሙሴ በላቸው ሐዲዷን መምታት አቆመ፤
ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራን።
«ፉርጎ ፍቱ!» አለ፣ አርባ ዓመት
በባቡር ጣቢያ በጮኸበት ድምፅ፣
«የሚነደውን ተዉት፣ የሚቀጥለውን ፍቱ!»
የሚቀጥለው ፉርጎ የእኔ ቤት ነበር።

ሁሉም አየኝ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም አላየኝም።
የቆርቆሮው ዕዳ ገና አላለቀም።
የመጀመሪያውን ማገር ራሴ መታሁ፤
ሌላ ሰው ቢመታው
ዕድሜ ልኬን እጁን እያየሁ እኖር ነበር።
ከዚያ ገመድ ታሰረ፣ ሆ ተባለ፣
ጣሪያዬ እንደ ሽማግሌ ግመል
በጉልበቱ ተንበረከከ።
እሳቱ ክፍተቱ ድረስ መጣ፣
ምላሱን አወጣ፣ ፈለገ፣ አጣ፤
ተቀመጠ።

ቦቴው ከድሬ ሲደርስ ነግቷል።
«እሳቱ የት ነው?» አለ ሾፌሩ።
ልጆች ሳቁ። አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን
ከቱቦው ሥር አስቀመጠች፣ ዝም ብላ።
ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ።
ሾፌሩ ቅጹን አወጣ፣
«ለእሳት የዋለ ውሃ» ከሚለው ፊት
«ሙሉ ቦቴ» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም።

ሮብሌና የኢፍቱ ባል ሰልፉ ላይ ተከታትለው ቆሙ፤
ሰላም አልተባባሉም።
አጥሩ ግን ተቃጥሏል።

እኔ የተጣመመ ምስማር
በድንጋይ ሳቀና አረፈድኩ።
ሙሴ በላቸው አጠገቤ ተቀምጦ ይቆጥራል፤
መቶ አሥራ ምናምን ሲደርስ ይጠፋበታል፣
እንደገና ከአንድ ይጀምራል።